ፊደሉ ገባ፤ ጳጉሜን ቀረች
የሊኑክስ የአማርኛ ሎኬል ከካርቱም ሲነበብ

ካርቱም በጦርነት እሳት የተያያዘችበት ዕለት ሦስት ስም አለው። ለከተማይቱ ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳም ሥዑር ነበረና የክርስቲያኑ ቤት ለትንሣኤ በዓል ሽር ጉድ ሲል ነው ተኩሱ የደረሰበት። ለሱዳናዊው ጎረቤት ዕለቱ የረመዳን 24ኛ ቀን፣ ዓመቱም 1444 ዓመተ ሒጅራ ነው። የዓለም ዜና ማሰራጫዎች ደግሞ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ብለው መዝግበውታል። ይህንኑ ቀን በአማርኛ ከተስተካከለ የሊኑክስ ኮምፒውተር የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ «ቅዳሜ» ብሎ በደኅና አማርኛ ይጀምርና «ኤፕሪል 15» ላይ፣ «2023» ላይ ያበቃል። ፊደሉ የግዕዝ ነው፤ የዕለቱም ስም የአማርኛ ነው፤ ወሩና ዓመቱ ግን የሌላ ናቸው።

ይህን መልስ የሚሰጠው ሎኬል የሚባል አጭር ሰነድ ነው። ኮምፒውተሩ ከተጠቃሚው ጋር በየትኛው ቋንቋ እንደሚነጋገር፣ ፊደሉን በምን ቅደም ተከተል እንደሚደረድር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ገንዘቡን፣ አድራሻውን እንዴት እንደሚጽፍ የሚደነግገው እርሱ ነው። «የሒስ ዓምድ ከኮምፒውተር ፋይል ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሎኬል እንደማናቸውም ጽሑፍ ጸሐፊ አለው፤ የቃል ምርጫ አለው፤ የሚያውቀውና የማያውቀው ነገር አለው። አንድ አማርኛ አንባቢ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ቀኑን በምን እንደሚቆጥር በጥቂት ገጾች ይወስናል። ይህን ያህል የሚደፍር ጽሑፍ ደግሞ ሊነበብና ሊተች ይገባዋል።

ሰነዱ የሚገኘው ጂሊብሲ በተባለው የሊኑክስ መሠረታዊ የፕሮግራም ስብስብ ውስጥ ሲሆን፣ የተሰናዳውም የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በተባለው ድርጅትና በመሥራቹ በዳንኤል ያዕቆብ ትጋት ነው። ስሙ ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው የቋንቋው፣ ሁለተኛው የአገሩ ምልክት ነው፤ ባጭሩ «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ» ማለት ነው። ዴቢያንን ወይም ኡቡንቱን በመሰሉ ስርጭቶች ላይ ሥራ ለማስጀመር ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። የሎኬሎች ዝርዝር ባለበት ፋይል ውስጥ ከአማርኛው መሥመር ፊት ያለውን የመዝጊያ ምልክት ማንሳት፣ ሎኬሉ እንዲመነጭ ማዘዝ፣ የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ መጨመር፣ ከዚያም ወጥቶ እንደገና መግባት ነው። አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ ሰነዱ መናገር ሲጀምር ነው።

የፊደሉ ድል

አስቀድሞ የሚመሰገነውን ማመስገን ተገቢ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በብዙ ውጣ ውረድ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የነበሩት ፎንቶች ከ256 የማይበልጥ ቦታ ብቻ ነበራቸው፤ ፊደሉ ደግሞ ከነዲቃሎቹ፣ ከነአኃዙና ከነነጥቦቹ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ዘዴ ፊደሉን ከፋፍሎ፣ አንዱን ክፍል ከሌላው ገጣጥሞ፣ በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ አስቀመጠው። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ክምር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነበር።

በዩኒክስና በሊኑክስ ዓለም የነበሩ ሰዎች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሰራ» የተባለውን ሥርዓት ቀረጹ፤ አማርኛና ግዕዝን በተራው የላቲን ቁልፍ ሰሌዳ፣ የፊደል ልዩነት ሳይጠፋ ለመጻፍ የሚያስችል ሥርዓት ነው። በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒክ ምርምር ማዕከል የተጀመረው የብዙ ቋንቋ ሥራም በ1997 በወጣው ኢማክስ 20 በተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ ግዕዝን አብሮ አወጣ። ከዚያም በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች እያንዳንዳቸው የማይደራረብ የራሳቸው ቁጥር አገኙ። በ2005 የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላትና የዜማ ምልክቶች፣ በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት፣ በ2021 ደግሞ ተጨማሪ የጉራጌ ፊደላት ተከተሉ።

ከዚህ ሁሉ ውሳኔ አንዱ ልብ ሊባል ይገባል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ድምፃቸው በአማርኛ አንድ ሆነ ተብሎ አልተጨፈለቁም፤ እያንዳንዳቸው ቁጥራቸውን ይዘው ገብተዋል። ፀሐይ ወጣች ሲባል «ሠረቀ»፣ ሌባ ወሰደ ሲባል «ሰረቀ» ብሎ የሚለይ የግዕዝ አንባቢ ልዩነቱን ዛሬም በኮምፒውተር ሊያስጠብቅ ይችላል። ዛሬ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው የ«ሰራ» መጻፊያም ትንሹን የላቲን ኤች ለሀ ቤት፣ ትልቁን ለሐ ቤት ሰጥቶ ይህንኑ ያከብራል። ዋጋው በፍለጋ ጊዜ ይከፈላል፤ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ቢሆንም የጠፋ ልዩነት አይመለስም፤ የተጠበቀ ልዩነት ግን በፕሮግራም ሊታለፍ ይችላል።

የአማርኛ ዘግይቶ መግባት በሊኑክስ ላይ አንድ በጎ ነገርም አምጥቷል። የሱዳን ዓረብኛ ሎኬል በሁለት የፊደል ኮድ ተመዝግቧል፤ በአሮጌው አይኤስኦ 8859-6 እና በዩቲኤፍ-8። አማርኛ ግን አሮጌ መደበኛ ኮድ አልነበረውምና ከመጀመሪያው በዩቲኤፍ-8 ብቻ ገባ። በዚህ ኮድ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት፣ አንድ የዓረብኛ ፊደል ሁለት ባይት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል፤ «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው ማለት ነው። በ1999 የገቡት ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው፤ 225። በካርቱም የኮምፒውተር ቤቶች የአማርኛ ፋይል ሲበላሽ የሚታየው መልክ ከዚህ ቁጥር የተነሣ ነው። ማሽኑ ፋይሉን በዊንዶውስ የዓረብኛ ሰንጠረዥ ካነበበው 225 «ላም» የተባለችው የዓረብኛ ፊደል ናት፤ በአይኤስኦው ሰንጠረዥ ካነበበው ደግሞ «ፋ» ናት። በየሁለት ምልክቱ መካከል ላም ወይም ፋ የምትደጋገምበት ገጽ ያጋጠመው አንባቢ ጽሑፉ ጠፋ ብሎ ማዘን የለበትም። ባይቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ የተሳሳተው የማንበቢያው ሰንጠረዥ ነው። ኮዱን ወደ ዩቲኤፍ-8 መልሶ መክፈት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ዳግመኛ «አስቀምጥ» ብሎ ስሕተቱን ማተም ግን አይገባም።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈው ግን እንዲህ በቀላሉ አይድንም። የፊደሉን ማንነት የሚያውቀው ፎንቱ ብቻ ነውና ፎንቱ ሲጠፋ ትርጉሙ አብሮ ይጠፋል። በጦርነቱ ጊዜ ቤቱን ጥሎ በፍላሽ ዲስክ ጥቂት ፋይል ብቻ ይዞ የወጣ ሰው፣ የማኅበሩን መዝገብ ወይም የልጁን የትምህርት ማስረጃ በእንዲህ ያለ ፎንት ጽፎ ከሆነ፣ ፎንቱን የሚያውቅ ሰው ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ሊያስለውጠው ይገባል።

የፊደሉ ተራ

ወደ ሎኬሉ ስንመለስ ሁለተኛው ጉዳይ ድርደራ ነው። ሰነዱ ቃላትን የሚደረድረው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ነው። ይህ የአብነት ትምህርት ቤቱም የዘመናዊው ትምህርት ቤትም ተራ ነውና የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ አማርኛ ሌላም ተራ አለው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ የደቀ መዝሙራቸው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድም «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የተደረደሩት በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ነው። የሎኬሉ አዘጋጆች ይህን አልዘነጉትም፤ ለግዕዝ ቋንቋ በተሰናዳው ሎኬል ላይ «አበገደ» የሚል አማራጭ በስሙ ጨምረዋል። ለአማርኛው ግን አልጨመሩም። እንግዲህ በሊኑክስ ላይ ሆኖ የአለቃ ደስታን መዝገበ ቃላት ተከትሎ የቃላት ዝርዝር ሊያሰናዳ የሚፈልግ ተርጓሚ፣ ለአማርኛው ሥራ የግዕዙን ሎኬል መዋስ ግድ ይሆንበታል። በግዕዙ ላይ የታየው አስተዋይነት በአማርኛው ላይ መጉደሉ ያስቆጫል።

የዘመኑ ጉድለት

ከባዱ ጉድለት በዘመን አቆጣጠር ላይ ነው። የአማርኛው ሎኬል የወር ስሞች «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ»፣ «ማርች» እያሉ ይቀጥላሉ። ሲናገር «ጃንዩወሪ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ያስቸግራል፤ ቃሉ የአሜሪካኑን አነጋገር በግዕዝ ፊደል የቀዳ ነው። ነገር ግን ፍርድ ከመስጠት በፊት የአዘጋጆቹን አጣብቂኝ ማየት ያስፈልጋል። «ጥር» ብለው ቢጽፉ ኖሮ አንባቢውን ያሳስቱት ነበር፤ ጥር የሚብተው በጃንዋሪ 9 ወይም 10 ነውና ጥር 1 እና ጃንዋሪ 1 አንድ ቀን አይደሉም። ባዕዱን ወር በባዕድ ስሙ መጥራታቸው ሐቀኝነት ነው፤ ባዕድነቱ በግልጽ ይታያል። በአተረጓጎም ረገድ ከሁለት ስሕተት ቀላሉን መርጠዋል።

ታዲያ መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ኅዳርን ከነአቆጣጠራቸው ለምን አላስገቡም? መልሱ ከሰነዱ በላይ ካለው ሕግ ላይ ይገኛል። ፖዚክስ የተባለው መመዘኛ ለሎኬል የሚፈቅደው 12 የወር ስም ብቻ ነው። ኢትዮጵያ 13 ወር አላት። አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን የምትገባበት ቀዳዳ የለም። መመዘኛው ሌሎችን በከፊል አስተናግዷል፤ የታይላንድ ሎኬል የቡድሃን ዓመት፣ የጃፓኑም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መጻፍ ይችላሉ። የእነርሱ ወራት ግን ከአውሮፓው ጋር አንድ ስለሆኑ የዓመቱን ቁጥር መለወጥ ብቻ በቂ ሆኗል። ወሩም፣ የወሩ መባቻም፣ ዓመቱም የተለየ ለሆነበት ሕዝብ ሕጉ አልታሰበም።

በሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሎኬሉ ቀኑን «ጡዋት» እና «ከሰዓት» ብሎ ለሁለት ከፍሎታል። ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ ክፍፍሉ ግን እኩለ ሌሊትንና እኩለ ቀንን መነሻ ያደረገው የእንግሊዝኛው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከንጋት ነውና ኮምፒውተሩ «ጡዋት 7» ሲል እርሱ የሚያውቀው አንድ ሰዓትን ነው። በእንግሊዝኛ ቢጻፍለት አስልቶ ይረዳው የነበረውን፣ በአማርኛ ቃል ታጅቦ ሲመጣለት እንደ ራሱ ሰዓት ሊያነበው ይችላል። አማርኛ የሆነው መልኩ ብቻ ነውና ከባዕዱ ይልቅ የሚያሳስተው ይህ ነው።

ነገሩ የማይቻል ነው የሚል መከራከሪያም አያስኬድም፤ ተችሎ ያውቃልና። ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በአራተኛው ትውልዱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም ይዞ ነበር። በ2014 አምስተኛው ትውልድ ሲመጣ የቀን ሥራው ከሥር ወዳለው ኪውት ወደተባለው መሣሪያ ተላለፈና ያ ሁሉ ቀረ። ኪውት በ2019 መጨረሻ የተለያዩ አቆጣጠሮችን ሲያስገባ የጎርጎርዮስ፣ የዩልዮስ፣ የሚላንኮቪች፣ የኢራንና የእስልምና አቆጣጠሮች ተካተቱ፤ የኢትዮጵያው አልተካተተም። የተሰጠ ነገር ያለ ጩኸት ተወሰደ፤ የጮኸም አልተሰማም። በአንጻሩ በዩኒኮድ ኮንሶርቲየም ሥር ያለው የሎኬል መረጃ 13ቱን ወራት በአማርኛ ስማቸው ይዟል፤ በድረ ገጽ ማሰሻዎችም ውስጥ ይሠራል። እንግዲህ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ማሰሻው ጳጉሜንን ያውቃታል፤ የዴስክቶፑ ሰዓት አያውቃትም።

አማርኛ፣ ሱዳን

የካርቱም ነዋሪ በዚህ ሁሉ ላይ የራሱ የሆነ ችግር አለው። በዴም ወይም በጅሬፍ ሰፈር የኖረ ሰው ቋንቋው አማርኛ፣ የሚገበያየው ግን በሱዳን ፓውንድ ነው። በሎኬሎቹ ዝርዝር ውስጥ «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ» አለ፤ «ዓረብኛ፣ ሱዳን» አለ፤ «አማርኛ፣ ሱዳን» የሚል የለም። ሰነዱ አማርኛ የሚያነብ ሁሉ በብር ይሸምታል ብሎ ያምናል። ሊኑክስ ለዚህ አንድ መላ አለው፤ ሎኬሉ በ12 ክፍል የተከፋፈለ ስለሆነ ቋንቋውንና ድርደራውን ከአማርኛው፣ ገንዘቡንና አድራሻውን ከሱዳኑ መውሰድ ይቻላል። እንዲህ ያደረገ ሰው የፓውንዱ ምልክት በዓረብኛ ፊደል በአማርኛ ገጹ መካከል ይመጣበታል፤ ይህ ግን እንከን ሳይሆን የካርቱም ኑሮ እንዳለ የተጻፈበት ገጽ ነው ማለት ይቻላል። በሱቁ በር ላይ ሁለቱ ፊደሎች ጎን ለጎን የተጻፉበት ሰፈር ሰው አይደነቅበትም።

የሚደንቀው ሌላ ነው። የሰዓት ቀጠና የሚመዘገብበት ክፍል የካርቱምን ታሪክ በጥንቃቄ ይዞታል። ሱዳን በጃንዋሪ 2000 ሰዓቷን ከአዲስ አበባ ጋር እንዳስተካከለች፣ በኖቬምበር 1 ቀን 2017 ደግሞ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደመለሰች ያውቃል። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰዓት ሲሆን ካርቱም ገና 12 ሰዓት ነው። መንግሥት በአዋጅ የለወጠውን አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የመዘገበ ሥርዓት፣ ሚሊዮኖች ከንጋት የሚቆጥሩትን ሰዓት ግን በየትኛውም መዝገቡ አላሰፈረም። የመንግሥት አዋጅ መዝጋቢ አለው፤ የሕዝብ ልማድ ግን ተከራካሪ ካላገኘ አይመዘገብም።

ነጻ ሶፍትዌር የተባለውም ለካርቱም ሁልጊዜ በሩ ክፍት አልነበረም። የአሜሪካ ማዕቀብ በነበረበት ዘመን፣ በጃንዋሪ 2010፣ የነጻ ፕሮግራሞች ትልቅ ማከማቻ የነበረው ሶርስፎርጅ ሱዳንን ጨምሮ ከአምስት አገሮች የሚመጡ ጎብኚዎችን አገደ። ማዕቀቡ በአብዛኛው የተነሣው በኦክቶበር 2017 ነው። በእነዚያ ዓመታት በሲዲና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ሊኑክስ ሎኬሉንም ፎንቱንም ይዞ ይመጣ ስለነበር፣ በውስጡ ያለው ለብዙ ሰው የመጨረሻ ቃል ነበር። ጉድለቱም አብሮ የተወረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ለምን ይጠቅማል?

«ቀኑን አስልቼ አገኘዋለሁ፤ ይህ ሁሉ ትችት ለምን?» ለሚል አንድ ምሳሌ ይበቃል። ጳጉሜን 3 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ አለች እንበል። በአውሮፓው ሴፕቴምበር 8 ቀን 2000 ነው። ከመስከረም መባቻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የሚደመረው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። ጳጉሜን ከመስከረም በፊት ናትና ስምንት ይደመርባታል፤ «ሴፕቴምበር ከሆነ ሰባት ነው» ብሎ የቸኮለ ጸሐፊ ግን 1999 ብሎ ይጽፋል። ቅጹ ደግሞ 13ኛ ወር አይቀበልም። በስደተኛ መዝገብ ላይ ልጅቱ በአንድ ዓመት ታድጋለች፤ 18 ዓመት ሳይሞላት እንደሞላት ትቆጠራለች። ለስደተኛ ልጅ የዚያ አንድ ዓመት ልዩነት ከቤተሰቧ ጋር የመቆየትና ያለመቆየት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ካርቱምን ጥሎ ወደ መተማ ወይም ወደ ሌላ ድንበር ያመራ ሰው ሦስት አቆጣጠር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ነው የሚጓዘው፤ ሒሳቡን ማሽን ሊሠራለት ሲገባ፣ ማሽኑ በአማርኛ ፊደል የአውሮፓን ወር እያሳየ ይበልጥ ያደናግረዋል።

እንግዲህ ስለ ሰነዱ የሚሰጠው ፍርድ ድርብ ነው። በፊደል ረገድ የአማርኛ ሎኬልና ከሥሩ ያለው ዩኒኮድ የትውልድ ውለታ ናቸው፤ ከጥቂት ሰዎች ትጋት ከዚህ በላይ መጠየቅ ነውር ነው። በዘመን ረገድ ግን ሥራው ገና አልተጀመረም፤ ፊደሉን ያስገቡት ሰዎች ስላልሠሩት ሳይሆን፣ ከእነርሱ በኋላ ሌላ አንባቢ ስላልመጣ ነው። ሎኬሉ የተቆለፈ መጽሐፍ አይደለም። በማናቸውም የጽሑፍ ማዘጋጃ ተከፍቶ የሚነበብ፣ ጉድለቱ በጽሑፍ ተገልጾ ለጠባቂዎቹ ሊላክ የሚችል፣ በሚቀጥለው እትም ታርሞ ሊወጣ የሚችል ጽሑፍ ነው። የ«አበገደ» አማራጭ ለአማርኛውም እንዲጨመር መጠየቅ ቋንቋ አዋቂን እንጂ መሐንዲስን አይፈልግም። ኬዲኢ የነበረውን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ኪውት እንዲያስገባ መጠየቅም አዲስ ልመና አይደለም፤ የተወሰደውን ማስመለስ ነው። «አማርኛ፣ ሱዳን» የሚል ሎኬል ለማሰናዳት ደግሞ የሚያስፈልገው በሁለቱም ቋንቋ የሚጽፍና የካርቱምን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከካርቱም ነዋሪዎች መካከል እንጂ ከሌላ ቦታ አይገኝም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ፊደሉን ያስገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ጳጉሜንን ለማስገባት ግን ጥቂቶች አይበቁም። መምህሩ፣ ተርጓሚው፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ሰነዱን ከፍተው ሲያነቡት፣ «ይህ የእኛ ቀን አይደለም» ብለው ሲጽፉ ነው የሚታረመው። እስከዚያው ድረስ ኮምፒውተሩ ቅዳሜን በአማርኛ እየጠራ፣ ሚያዝያን ኤፕሪል እያለ ይቀጥላል።